አለምነሽ መተኛት አልፈለገችም

አለምነሽ ባሌን የወሰደችብኝ ፎገራ ላይ ሩዝ መዘራት በጀመረ ሰሞን፣ እኔ አራስ ሳለሁ ነው። ትናንት ከወረታ በተሳፈርሁበት ታክሲ ሁለቱም ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ነጠላዬን ተከናነብሁ። የሐሞት ጠጠሯን ሆዷ ላይ በሚበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሊያስወጡ ባሕር ዳር መሄዳቸው ነው።

«ሐኪሙ እንደ ፍላጎቷ፣ ጭልጥ አድርገን ብናስተኛት ግን ይሻላል ብሏል» አላት።

«ጀርባዬን ወግተው ያደንዝዙኝ፤ ነቅቼ እሆናለሁ።»

«ሆድሽን በአየር ሲነፉት ትከሻሽን ያምሻል።»

«ይመመኝ።»

«ምን ያሰጋሻል? እኔ ከደጅ አለሁ።»

«ያችም አራስ ቤት ተኝታ ከደጅ ያለህ መስሏት ነበር።»

«አሁንማ አርጅቻለሁ፣ አንች።»

«እግርህ ግን አላረጀም።»

«እሽ፣ ነቅተሽ ታከሚ። እጅሽን ይዤ እንድቀመጥ አስፈቅዳለሁ።»

መንገዴ ባሕር ዳር ነበር፤ ገና መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድሁ።