ምልኬሳና የሳሙና ማስቀመጫው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከዓለም ጤና ከተማ ድረስ በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ የምልኬሳ ባለቤት፣ እህቴ አማረች፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

መሥሪያ ቤታችን የምልኬሳን የሕይወት ታሪክ ጽፎ አንብብ ብሎ ሰጥቶኛል። «መሣሪያውን በመሥሪያ ቤቱ የቅርብ ድጋፍ ሠራ» ይላል። አላነበውም። የቱ ድጋፍ? ማን ደገፈው?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የመስኖው ፓምፕ መቆጣጠሪያ መልእክት የሚልክበት መንገድና የቢሮው ኮምፒውተር የሚቀበልበት መንገድ አይገጥሙም። ሁለቱም ሰርያል የሚባል የሽቦ ግንኙነት ናቸው፤ ግን አይግባቡም። የሚያግባባቸው የውጭ ዕቃ ደግሞ ዋጋው እሳት ነው፣ አይነካም። ምልኬሳ ከተጣለ ዕቃ ላይ ክፍሎች እየነቀለ፣ በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አሽጎ፣ በአንድ ሸራ ጫማ ዋጋ ሠራው። ሠራው!

ዕቃውን ያየው የመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ ምን አለ? ሊቀመንበሩ አቶ ልዑልሰገድ፣ ያውና አበባ ይዘው ቆመዋል፣ በመዳፋቸው መዘኑት። «ይሄማ ቀላል ነው» አሉ። እንደ ሥጋ መዘኑት! እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቁም። ማህተሙ የታለ አሉ። ምልኬሳ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፤ ፓምፑ ታዘዘ።

እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቢሮው የጸዳ ጊዜስ? አቶ ልዑልሰገድ፣ «እዚህ ማን ነው የሚታጠበው?» ብለው በእጅዎ ነቅለው አልጣሉትም? ኮምፒውተሩ ፓምፑን ማዘዝ አቃተው። ሽንኩርቱ ሦስት ቀን ውኃ አጣ። ኦቦ ጫምሳ፣ በራችን ላይ የጮኹት እርስዎ አልነበሩም? ምልኬሳ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ፈልጎ አወጣው። ጠርጎ ሰካው። ውኃው መጣ። ምን ተሸለመ? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ! «የቢሮውን ገጽታ በማበላሸት።»

አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ለሌሎቹ ጣቢያዎችም ልሥራ፣ ስሜ ይጻፍበት አለ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። አይሆንም ብለው አምስት እጆች ወጡ። ዛሬ እነዚያ እጆች አበባ ይዘዋል። አያፍሩም!

ምልኬሳ፣ ስማኝ። አምስተኛው እጅ የእኔ ነበር። ዕቃህ እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊቀመንበሩን ፈራሁ፣ እጄን አወጣሁ። አንተ ደጅ ቆመህ ትጠብቅ ነበር። «አንተም ብቻህን ምን ታደርግ» ብለህ አጽናናኸኝ፤ ምሳ ጋበዝከኝ። በላሁ።

ከእነሱ የምሻልበት ምንም የለኝም። ስምህ ዕቃው ላይ እንዳይጻፍ የከለከልኩ ሰውዬ ነኝ፣ ዛሬ መቃብርህ ላይ ስምህን የምጠራው።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። በእኔ ላይ የነበረህን እምነት ግን ይዘህ አትሂድ።