የገበያው ሜዳ ላይ የቆመው ማታለያ

በአንዲት የቆላ ከተማ ዳር፣ በቅጠል በተሸፈነ የራዳር መኪና ውስጥ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፤ የሚሳይል ምድቡ አዛዥ ሻምበል ደርበው እና የአገሩ ተወላጅ የሆነችው ራዳር ተቆጣጣሪ ሃምሳ አለቃ ዘርፌ።

ዘርፌ፦ ማታለያው ራዳር ይጥፋ፣ ጌታዬ! እለምንዎታለሁ።

ደርበው፦ የጠላት አውሮፕላን እየመጣ? የምናቆምበትን ሜዳ ያሳየሽኝ ራስሽ ነሽ። «ከሐሙስ ገበያ በቀር ወፍ አይዞርበትም» አላልሽኝም?

ዘርፌ፦ ብያለሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ደርበው፦ መላጣዬን ተይው። ዛሬ ዓርብ ነው።

ዘርፌ፦ ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበራ! አገሩ ሁሉ ታቦት ሲያነግሥ ዋለ፤ ገበያው ለዛሬ ዞረ። እዚሁ ተወልጄ ረሳሁት! ጥበቃው አሁን በሬዲዮ ያለውን ሰምተዋል፤ መንገዱ አህያ በአህያ ሆኗል።

ደርበው፦ ሰው ልከን እንበትናቸው።

ዘርፌ፦ በየት ጊዜ? አውሮፕላኑ ተራራውን አልፏል።

ደርበው፦ እንግዲያው ስሚ። የእኛ ሚሳይል ዓይን የለውም፤ እስኪመታ ድረስ ይህ ራዳር ሊመራው ግድ ነው። ራዳር ደግሞ በጨለማ እንደ በራ ፋኖስ ነው፤ የሚያይበት ብርሃን ለጠላትም ያሳየዋል። የእነሱ ሚሳይል ጨረሩን ተከትሎ ይመጣል። ማታለያው ከእኛ አብልጦ ስለሚያበራ ወደዚያ ይሄዳል። ካጠፋነውስ?

ዘርፌ፦ ወደ እኛ።

ደርበው፦ በይ እንግዲህ!

ዘርፌ፦ ሁለቱንም አጥፍተን ዝም ብንልስ?

ደርበው፦ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ የምንጠብቀው ነዳጅ ማከማቻ ላይ ነው። አጥሩን ተጠግቶ ስንት ቤት እንዳለ እኔ ልንገርሽ?

ዘርፌ፦ አውቀዋለሁ።

ደርበው፦ መጀመሪያ ይተኩስ፤ ያኔ ማታለያውን እናጠፋዋለን።

ዘርፌ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሚሳይላቸው ቦታውን አንዴ ከያዘ፣ ብናጠፋውም እዚያው ይወድቃል። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ደርበው፦ እናትሽ ዛሬም በርበሬ ይዘው ወጥተዋል?

ዘርፌ፦ መቼ ቀርታ ታውቃለች! በዚህ ፀሐይ ደግሞ ጥላ ካገኘች ማታለያው ሥር ነው የምትቀመጠው።

ደርበው፦ የፈሩት ይደርሳል አሉ። ውጪ። ምሽግ ግቢ።

ዘርፌ፦ ሚሳይሉን ማን ሊመራ?

ደርበው፦ እኔ።

ዘርፌ፦ እርስዎ ተኩሰው እርስዎ ሊመሩ? ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ከዚህ ወንበር አልነሣም።

ደርበው፦ አትፈሪም?

ዘርፌ፦ እፈራለሁ፣ ጌታዬ።

ደርበው፦ እኔም። ማታለያውን አጥፊ። የእኛን አብሪ።