የድንኳኑ ቦታ

ወገኖቻችን መጀመሪያ ካረፉበት ሆቴልና ቀረቫን ከሚሉት ጊዜያዊ ቤት እየወጡ፣ ማሽካንታ የሚባለውን የቤት መግዣ ብድር ይዘው የራሳቸውን ቤት መፈለግ የጀመሩበት ዘመን ነበር። በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የመጣን ሰዎች አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በናታኒያ ከተማ ሁለት ሰው ከተገናኘ ሰላምታው ሳያልቅ ጨዋታው ወደ ቤት ይዞራል። ማን የት ገዛ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል ወይ እየተባባለ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይውላል።

እኔ በዚያ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ለሥራ ሳይሆን ለማሰብ የምቸኩል ልጅ ነበርሁ። ሰው ማነጋገር ባልወድም ሰው የበዛበት ቦታ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ከባሕሩ አፋፍ ባለው አደባባይ፣ ኪካር በሚሉት፣ አንድ ወንበር ይዤ አላፊ አግዳሚውን ሳይ እውላለሁ። አንድ ረቡዕ ቀን ከዚያ ተነሥቼ በሄርጽል መንገድ ጀርባ ሳልፍ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ካለው መኪና ማቆሚያ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በዱላቸው መሬቱን እየለኩ ሲመላለሱ አየሁ። ቀረብ ስል አባ ቃኘው ናቸው፤ የወገራው ሰው፣ በሆቴሉ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩት።

«እንደምን ዋሉ አባ ቃኘው? ምን ጠፋብዎት?» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽሙኤል ልጄ። የጠፋብኝስ የለም፤ የድንኳን ቦታ እየለካሁ ነው።»

«ሠርግ አለ እንዴ?»

«ልቅሶ ነው እንጂ።»

«ውይ! ማን ሞተብዎት?»

«እኔ ነኛ!» አሉና ዱላቸውን እንደገና መሬት ላይ አጋደሙ።

ደንግጬ አፌን ከፍቼ ስቀር፣ ከበላይ ካለው መስኮት ካናቴራ ብቻ የለበሰ ወፍራም ሰው ብቅ ብሎ በዕብራይስጥ ጮኸ። «ከማዘጋጃ ቤት ናችሁ? መኪናዬን እንዳታስነሱብኝ!»

«ሻሎም፣ ሻሎም!» አሉት አባ ቃኘው በትሕትና እጅ ነሥተው፤ መለካታቸውን ግን አላቆሙም።

በዚህ ጊዜ የመጨረሻ ልጃቸው ሐረጓ ከደረጃው ወረደች። ሐረጓን ትምህርት ቤት ሐጊት ብለዋታል፤ ነርስ ለመሆን ትማራለች። አባቷን ስታይ በሳቅና በንዴት መካከል ሆና ወደ እኔ ዞረች።

«ተመልከትልኝ ሽሙኤል! ሰው ቤት ሊገዛ ሲሄድ ቧንቧ ከፍቶ ያያል፣ ግድግዳ አንኳኩቶ ያያል። አባባ ግን ከበሩ ላይ ቆመው ‹ድንኳኑ የት ይተከላል?› ይላሉ። ሻጭዋ አሮጊት፣ ወይዘሮ ፍሪዳ፣ ሻይ አፍልታ ትጠብቃለች፤ እሳቸው ቤቱን እንኳ ገብተው አላዩትም።»

«ምኑን አየዋለሁ? ግድግዳ ግድግዳ ነው።»

«ሴትዮዋ ልጇ ወዳለችበት ወደ ቃዲማ ልትሄድ ስለሆነ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ መልስ ስጡኝ ብላለች። ሌላ ገዢ አላት። አንተ የተማርህ ነህ፤ ነገ ማታ ቤታችን መጥተህ አስታርቀን።»

ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር። በአገራችን ልማድ የሰው ክብር በልቅሶው ይታያል፤ ይህን የማያውቅ ወገን የለም። ስለዚህ በማግስቱ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ወዳለው የኪራይ ቤታቸው ስሄድ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ባለቤታቸው እማ ማናለሽ ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ተሳሳምን፤ ዳቦ ቀረበ። አባ ቃኘው ጋቢያቸውን አስተካክለው ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው ነገራቸውን ጀመሩ።

«እንግዲህ ስማ ልጄ። አባቴ ሲሞት፣ ነፍሱን ይማር፣ ዳሱ ከደጃችን ተነሥቶ እስከ ወንዙ ነበር። ከደንቢያ በበቅሎ የመጣ አለ፣ ከጭልጋ በእግሩ የመጣ አለ። ያን ቀን ነው ‹ለካ አባቴ ይህን ያህል ሰው ነበር!› ያልሁት። አሁን ይህች ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልትሰቅለኝ ትፈልጋለች። የሞትሁ ለታ አልቃሹ እንደ ዶሮ ደረጃው ላይ ይስፈር? የአጎቴ ልጅ አቻምየለህ ግን ከከተማው ዳር፣ ከብርቱካኑ እርሻ አጠገብ፣ ምድር ቤት አግኝቶልኛል። ከፊት ለፊቱ ሜዳ አለ፤ ጦር ያሰፍራል! አቻምየለህ ራሱ ጎረቤቴ ይሆናል። ወገን ከወገኑ ጋር ቢኖር ምን ክፋት አለው?»

«አባባ፣ ልናገር?» አለች ሐረጓ።

«አትናገሪ ብል ትተይኛለሽ?»

«እዚያ ሜዳ ድረስ አልቃሹን ማን ያመጣዋል? ከአፉላና ከረሖቦት የሚመጣው ሰው የሚወርደው ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ዳር ያለው ቤት ግን ሌላ አውቶቡስ ያስጠብቃል፤ እሱም ማታ ቶሎ ያቆማል፣ ሰንበት ጭራሽ የለም። ከፍሪዳ ቤት ግን ጣቢያው ቅርብ ነው። ወዳጆችዎ ከአውቶቡስ ወርደው እንባቸው ሳይደርቅ ይደርሱልዎታል።»

አባ ቃኘው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸሸጉ። «ይህን እንኳ አላሰብሁትም። ቢሆንም የከተማው መካከል ጫጫታ ነው። ፈረንጁ ጎረቤቱን አያውቅም። ማን ‹ቤት ለእንቦሳ› ይለኛል?»

«ጎረቤት የሚተዋወቀው ሲኖሩበት ነው። ደግሞ ሁላችን እየተጠራራን ከተማው ዳር ከተከማቸን፣ ልጆቻችን ቋንቋውን ከማን ይሰሙታል? የታላቅ ወንድሜ ልጅ ኔሪያን እዩት፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሙሉ የእኛው ልጆች ናቸው። ዕብራይስጡን የሚማረው ከቴሌቪዥን ነው! ወገንን መውደድ መልካም ነው፤ ግን እንደ ታጠረ በረት አንድ ላይ መዘጋት ምን ይጠቅመናል? ሐኪም ቤቱ፣ ገበያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ እማማ ማንበብ የጀመሩበት የቋንቋ ትምህርት ቤት ኡልፓን ሁሉ መካከል ነው።»

«አንች ሁሉን ለመኖር ታሰላስያለሽ። እኔ በመጨረሻ የሚሆነውን ነው የማስበው።»

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነበር። አባት የሚፈራው ያለ ሰው መሞትን ነው፤ ልጅ የምትፈራው ያለ ሰው መኖርን ነው። እኔም ይህን በልቤ እያመላለስሁ እንዴት ብዬ ላስታርቃቸው ስል፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሱት እማ ማናለሽ ከመስኮቱ ዞር አሉ።

«ቃኘው፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ሁሉ ሰው የምትጠራው ለመቼ ነው?»

«ስሞት ነዋ።»

«እኔ ብቀድምህስ?»

«ወዲያ በይ! ላንችም ይመጣል፤ ምን ቸገረሽ?»

«ይመጣል። ይመጣና ‹ማናለሽ፣ ምነው ሳላይሽ!› ብሎ ደረቱን ይመታል። ታዲያ ለምን አሁን መጥቶ አያየኝም? አገራችን ሳለን ውኃ ስወርድ ሰው አገኝ ነበር፤ ገበያ ስወጣ ሰው አገኝ ነበር። አንተ ወደ ምኩራብህ ትሄዳለህ፣ ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች፤ እኔ ይህን ጉልበቴን ታቅፌ ከመስኮት ጋር ቀረሁ። እዚያ ብርቱካን ሥር ከወሰድኸኝ ማን ያንኳኳልኛል? ለሬሳዬ ሜዳ ፈለግህልኝ፤ ለሕይወቴ ግን ጠበበህ።»

አባ ቃኘው ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ሐረጓ ይህን ጊዜ በጥበብ ያዘችው።

«አባባ፣ አልከራከርዎትም። ነገ ዓርብ ነው፤ የገበያ ቀን። ፍሪዳን አስፈቅጃለሁ፤ ከሰገነቷ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ይዩ። የሚያውቁት ሰው ካላለፈ የአቻምየለህን ቤት እንፈርማለን።»

«የሚያልፈው ፈረንጅና ውሻው ብቻ ነው፤ ይሁን እሺ» አሉ። እኔንም ምስክር አድርገው ጠሩኝ።

ዓርብ ጠዋት እማ ማናለሽ ደረጃውን በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ ከየፎቁ እያረፉ ወጡ። ፍሪዳ ትንሽ፣ ነጭ ፀጉር ያላት የሩማንያ ሴት ናት፤ ወንበር አወጣችልን። ከታች ሄርጽል መንገድ በሰው ተጨናንቋል። አበባ የተሸከመ አለ፣ ዓሣ የተሸከመ አለ፤ ዳቦ መጋገሪያው በር ላይ ሰልፍ ቆሟል። አባ ቃኘው አገጫቸውን ከዱላው ላይ አስደግፈው ቁልቁል ያያሉ።

«ይኸው! አላልሁም? ማንም…» ሲሉ ድንገት ከወንበራቸው ተነሡ። «ያ ሁለት ዘንቢል የተሸከመው አቻምየለህ አይደለም?»

«እሱ ነው» አለች ሐረጓ ወደ ሌላ እያየች።

«አቻምየለህ! አንተ አቻምየለህ!»

ሰውየው ግራ ቀኝ አይቶ ሲያጣ ቀና አለ። «አያ ቃኘው! ከሰማይ ነው የምትጠራኝ?»

«ከእርሻህ ምን አወጣህ?»

«ምን ላርግ? ሥጋው እዚህ፣ ባንኩ እዚህ፣ ሐኪሙ እዚህ! በየቀኑ እየመጣሁ እግሬ አለቀ!»

ሐረጓ ከንፈሯን ነከሰች። አባ ቃኘውም ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑና «ና ውጣ፣ ሻይ ጠጣ!» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ሰው መጥራት ሱስ ሆነባቸው። ከሐኪም ቤት የምትመለስ የሆቴል ጎረቤታችን ተጠራች። ከአፉላ መጥቶ ከጣቢያው የሚወርድ፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ የተለዩት የወገራ ሰው ሲያልፍ፣ አባ ቃኘው እስከ ደረጃው ግርጌ ሮጠው ወርደው ተቀበሉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ሲገቡ የሁላችንም ዓይን ረጠበ። እማ ማናለሽ በሴቶች መካከል ተቀምጠው፣ ነጠላቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ይስቃሉ። የፍሪዳ ብርጭቆ አለቀ። ከጎረቤት ልትበደር ስትሄድ ያ ባለ ካናቴራው ሰው ራሱ፣ አሁን ሸሚዝ ለብሶ፣ ብርጭቆ በሳፋ ይዞ መጣ። ከትሪፖሊ የመጣ አይሁዳዊ ነው፤ ስሙ ቪክቶር።

«ያን ቀን ምን ነበር የምትለካው?» ብሎ ጠየቀ። ሐረጓ አፍራ ተረጎመችለት።

ቪክቶር ግን አልሳቀም። «እናቴ የሞተች ጊዜ የሺቭዓው፣ የሰባቱ ቀን ልቅሶ፣ ድንኳን አንተ ከለካኸው ቦታ ላይ ነበር። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ መኪናውን አነሣልን። ደረጃውም ሞልቶ ነበር። ለሰው ሲሆን ቦታ አይጠፋም» አለ።

አባ ቃኘው ትርጉሙን ሰምተው ሰውየውን ደጋግመው አዩት። «ለካ እነዚህም ለሙታቸው ድንኳን ይተክላሉ!» አሉ በዝግታ።

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ ከደረጃው ሥር የዋይታ ድምፅ ተነሣ። ማሬ ናት። ማሬን የማያውቃት የለም፤ በልቅሶ ግጥም እንደሷ ያለች ከናታኒያ እስከ አሽቀሎን አትገኝም። ከነቬ ኢታማር ሰፈር ለገበያ መጥታ በመንገዱ ስታልፍ፣ ወገኖቻችን ባንድ ቤት ሰገነት ላይ ጢም ብለው ታያለች። ከበሩ ላይ አንዱን «የማን ቤት ነው?» ብትለው «የአያ ቃኘው ነው» ይላታል። ይህን ያህል ወገን በአንድ ቤት የሚሰበሰበው ለምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ይነገረዋል እንዴ? ነጠላዋን ካገለደመች በኋላ ዘንቢሏን ጥላ እያዜመች ደረጃውን ያዘችው፤

«ከምድር ተነሥቶ ፎቅ ላይ የወጣው፣
ምነው ዝም አለኝ ቃኘው ብጠራው!»

«አቤት ማሬ!» አሉ አባ ቃኘው በሩ ላይ ብርጭቆ ይዘው ብቅ ብለው። «ኧረ ዝምስ አላልሁም!»

ማሬ ከደረጃው ላይ በድንጋጤ ቁጭ አለች። ቀጥሎም በነጠላዋ ጫፍ ትመታቸው ጀመር። «አንተ የማትረባ ሽማግሌ! ልቤን አጠፋኸው! ያን የመሰለ ግጥም በከንቱ!»

«በከንቱ አይደለም፤ እኔው ራሴ ሰማሁት። የሞትሁ ለታ ብትይው ማን ይነግረኝ ነበር?»

የሳቁ ድምፅ ሕንፃውን አናጋው። ምንም ያልገባት ፍሪዳ ለማሬ ውኃ ይዛ ሮጠች። ሳቁ በረድ ሲል አባ ቃኘው በሰዎቹ መካከል ቆሙና ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሪያውን ተመለከቱት። ዓይናቸው ከባለቤታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማናለሽ፣ ሳቅሽን ከሰማሁ ስንት ዘመን ሆነኝ? እኔ ሰው የሚመጣልኝ ስሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐረጓ፣ ለሴትዮዋ ንገሪያት፤ ቤቱን ወስደናል። ሰንበት ሳይገባ።»

አቻምየለህ ሻዩን ፉት ብሎ፣ «በዚህ ሰፈር ሌላ የሚሸጥ ቤት አለ እንዴ?» ሲል ሳቁ እንደ አዲስ ተነሣ።

ቤቱ በስማቸው ከዞረ ወዲህ የሆነውን ልናገር። እማ ማናለሽ ሐኪም ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ጉልበታቸው ተሻለ፤ በኡልፓንም የሱቁን ስም ሁሉ ማንበብ ቻሉ። ኔሪያ እነሱ ዘንድ እየዋለ ከቪክቶር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ዕብራይስጡ ተፈታ። ገበያ የመጣ ወገን ሁሉ ዘንቢሉን የሚያሳርፈው እነሱ ቤት ሆነ። ቤት ስትመርጡ፣ ወገኖቼ፣ የመጨረሻዋን ቀን ብቻ አትለኩ። ከሷ በፊት ያሉትንም ቀኖች ለኩ፤ በሕይወት ሳላችሁ በራችሁን ሰው ካንኳኳው፣ ለመጨረሻዋ ቀን የሚሆነው ሰው ያን ጊዜውኑ ተገኝቷል ማለት ነው።

እኔም ከኪካሩ ወንበሬ ስመለስ በዚያ መንገድ ሳልጠራ ማለፍ ቀረብኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳ ላልፍ ስል አባ ቃኘው ከመኪና ማቆሚያው ላይ በዱላቸው ሲለኩ አገኘኋቸው።

«ደግሞ የማን ልቅሶ ነው አባ ቃኘው?» አልኋቸው።

«አፍህን ያዝ!» አሉ ዱላቸውን አንሥተው። «የሐረጓ ሠርግ ነው። ና፣ እዚያ ጫፍ ላይ ቁምልኝ።»