ሙሾዬን ቴማቲክ አደረገልኝ

ደብረ ታቦር ከተማ የሚማረው የእህቴ ልጅ፣ በወንድሜ ለቅሶ ያወረድሁትን ሙሾ ቀርጾ ወስዶ ነበርና፣ «አክስቴ፣ ቴማቲክ አድርጌ ጻፍሁልዎ!» ብሎኝ መጣ።

«ምንድን ነው ደሞ እሱ?»

«በጭብጥ በጭብጥ የተለየ ማለት ነው። እንግሊዞች ከግሪክ የወሰዱት ቃል ነው።»

«ከግሪክ ድረስ መጥቶ ለወንድሜ!» ብዬ እልልታዬን አቀለጥሁት። «በል አንብብልኝ!»

ቢያነብልኝ፣ ወንድሜ የጉናን ተራራ ብርድ ችሎ ገብስ ማረሱን ከማንም አራሽ ጋር፣ ደግነቱን ከማንም ደግ ጋር ደባልቆታል። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ስሙ የለም።

«አያሌውስ?» አልሁት።

«ስም አይጻፍም አክስቴ፤ የሚፈለገው ጭብጡ ነው» አይለኝ መሰላችሁ!

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። «አንተ፣ እኔ ደረቴን የደቃሁት ለጭብጥ ነው? ሬሳው ሳይመጣ ነው እኮ ያለቀስነው። መቃብር እንኳ የለውም፤ ስሙ ያለው እዚያ ሙሾ ውስጥ ብቻ ነበር።»