የአቶ ሀ አረንጓዴ በር

ነይ ዘውዲዬ፣ እዚህ እኔ አጠገብ ተቀመጪ። እዚያ ፀሐዩ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብቶ አናትሽን ይመታሻል። ምን ዓይነት ግንቦት ነው ዘንድሮ! ዳቦውን ቅመሺው እስቲ፤ የእትዬ ሰርክአዲስ ዳቦ መቼም ጣት ያስቆረጥማል። ድንኳኑ? የእድራችን ነው። አዎ፣ ለልቅሶ የምንተክለው… እኔም ከሩቅ ሳየው "ደሞ ማን ሞተ?" ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ የሹመት ግብዣ ኖሯል።

የመጣሁት ለእትዬ ሰርክአዲስ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት በጉርብትና ስንኖር ክፉ አልወጣቸውም። እሳቸው በልጃቸው ሲደሰቱ እኔ ቤቴ ብቀመጥ ነውር ነው።

ትምህርት ግን ደግ ነገር ነው፣ አይደል? አንድ የማውቀው ምሁር አለ። የዛሬውን ባለደስታ ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ይኸው አበባው ሥር ተቀምጦ ዶሮውን እየበላ ነው፤ ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ነው፣ ይብላ። ይሄኛው ሌላ ነው። ስም መጥራት ስለማልወድ "አቶ ለ" ልበልልሽ። መነጽር ያደርጋል። ሲስቅ በአፉ ግራ በኩል ብቻ ነው የሚስቀው። እናቱ እዚሁ እሪ በከንቱ ይኖራሉ። ከዚህ በላይ ከተናገርኩ ሰውየው ይታወቅብኛል።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን እንደሚያስተምር ታውቂያለሽ? ሰው ከባዶ ተነስቶ እንዴት ሱቅ እንደሚከፍት፣ ከከፈተ በኋላ በምን ዘዴ እንደሚያቆየው። "ስትራቴጂ" ይሉታል በነሱ አፍ። ራሱ አንድ ሱቅ ከፍቶ አያውቅም… መዝጋቱን ግን ያውቅበታል። ትሕትናውስ! የሠራውን ሥራ አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ አያወራም። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ እንቅልፍ ይወስደው ነበር?

አንቺ ለሰፈሩ አዲስ ስለሆንሽ አታውቂውም። ያኔ ባለቤቴ እሸቴ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲወረድ የራሱ የልብስ ስፌት ቤት ነበረው። እኔ ደግሞ ጎኑ ክር፣ ቁልፍና ገበር እሸጣለሁ። ፈቃዱ ሁለት ነው፤ አንዱ በሱ ስም፣ አንዱ በኔ። በመካከላችን ባለው ግድግዳ ላይ አንዲት መስኮት ከፍተን ነበር። ደንበኛው ሱፉን ሲለካ እኔ ገበሩን በመስኮቷ አቀብላለሁ፣ እሱም ሌላ ሱቅ ሳይዞር ጨርሶ ይሄዳል። ዘዴያችን ይቺው ናት።

አቶ ለ ተማሪ ሳለ አንድ ክረምት ሙሉ የካውያው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ይቺን ጻፈ። ምሳውን የሚበላው ከኛ ጋር ነው። አብሮን ከሚበላ ሰው ምን እንደብቃለን? የሰፈር ልጅ ነው፣ ይማርበት ብለን መስኮቷን እንኳ በሜትር ለክተን ነገርነው። "የትንሹ ነጋዴ ብልሃት" ብሎ ርዕስ ሰጠው። ሲያነብልን እሸቴ በደስታ አለቀሰ። በዚያው ጽሑፍ ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘ። የሚሄድበትን ሱፍ እሸቴ በነጻ ሰፋለት። ሦስት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ተወለት፣ "ልጁ ገና ያድጋል፣ ያን ጊዜ ይለቀቅለታል" ብሎ። ይኸው አደገ አይደል? እሸቴ ሰው ሲለካ አይሳሳትም ነበር… አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ዶክተር ሆኖ ሲመለስ አብዮቱ ፈንድቶ ጠበቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ነጋዴ ያሞገሰበትን ወረቀት ያቃጥለው ነበር። እሱ ግን ቆጣቢ ነው፣ አንድ ገጽ አላባከነም። ሽፋኑን ቀየረና "የንዑስ ከበርቴው የማጭበርበር ስልት" ብሎ አሳተመው። "ብልሃት" የሚለውን እየሰረዘ "ተንኮል" ጻፈበት። ጨዋነቱን ደግሞ እይልኝ፤ ስማችንን አልጠራም! እሸቴን "አቶ ሀ" ነው የሚለው። አቶ ሀ ግራ እግሩን የሚያነክስ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል አረንጓዴ በር ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ለመሆኑ በዚያ ቁልቁለት ስንት የሚያነክስ ልብስ ሰፊ፣ ስንት አረንጓዴ በር አለ ዘውዲ?

ያን ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት የንግድ ፈቃድ ተከልክሎ ነበር። የቀበሌ ሰዎች የመጡት መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ነው። ለመፈለግ እንኳ አልደከሙም፣ በቀጥታ ወደ መስኮቷ ሄዱ። ሁለቱንም በር አሸጉ፣ የስፌት መኪናውን ጭነው ወሰዱ፣ እሸቴን አንድ ወር ቀበሌ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በሰው በረንዳ ላይ አሮጌ ልብስ በእጁ ይጠግናል። ዓይኑም ደክሟል። እኔ ግን አልተቀየምኩም… ዋሸሁ። ተቀይሜአለሁ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነጋዴ እንደገና ሰው ሆነ። የአቶ ለ መጽሐፍም ሦስተኛ ሽፋኑን ለበሰ፤ "የሥራ ፈጣሪው ጽናት" ተባለ። እሸቴ አሁን ጀግና ነው፣ ስሙ ግን ያው አቶ ሀ ነው። በዚህችው መጽሐፍ "ሙሉ ፕሮፌሰር" አሉት አሉ። ሙሉ! እስከ ዛሬ ምኑ ጎድሎ ኖሯል?

እንግዲህ ሱቁን እንዲመልሱልን ባለፈው ሳምንት አመለከትን። አንድ ወረቀት ብቻ ጎደለን፤ ሁለቱ ፈቃዶች በግልጽ የወጡ እንደነበሩ፣ ማጭበርበር እንዳልነበረበት የሚመሰክር። ከሱ በላይ ማን ያውቀዋል? ቢሮው ሄድኩ። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ የሺዓለም፣ ተመራማሪ ይታዘባል እንጂ አይመሰክርም።" አየሽ ትሕትናውን? ይሄን ሁሉ ዓመት በእሸቴ ላይ ሲመሰክር ኖሮ መመስከሩን አያውቅም! ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ምነው ያ አበባው ሥር ያለው እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ? አጥንት ተቀረቀረበት መሰለኝ፣ ውሃ ስጡት እንጂ! እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም ጠራሁ እንዴ? ስም አለመጥራትን ያስተማረኝ አቶ ለ ነው፤ ለኛ ቤት ያተረፈልን ትምህርት ይቺው ናት።

በይ ምርቃቱ ሊጀመር ነው፣ ተነሺ። እኔም የድርሻዬን ልመርቅ፤ ጮክ ልበል፣ ሁሉም አሜን እንዲል። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ማዕረጉ ከዚህም በላይ ከፍ ይበልለት። ተማሪዎቹ ይባረኩለት፤ ከመካከላቸውም ልክ እሱን የመሰለ ጎበዝ ይውጣለት። ቤቱ እየገባ ከማዕዱ የሚቆርስ፣ ሳይቸኩል ዓመት ሙሉ የሚያጠናው፣ ስሙን ሳይጠራ የሠራውን አንድ ሳያስቀር የሚጽፍለት። እናቱንም ያቆይለት… አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ በገዛ ዓይናቸው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ያንብቡለት።