ደጅ የማይረሳው ፈረስ

ፈረስ ልጅን የሚያውቃት በደጇ ነው ወይስ በድምፅዋ? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ከአፍንጮ በር ወደ ጊዮርጊስ የተሳፈርንበት ጋሪ ድንገት አንድ አጥር ሥር ቆመ።

«ምነው ቆምክ? ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው!» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት።

«እኔ አይደለሁም እሜቴ፣ ፈረሱ ነው» አለ ባለጋሪው። «ቀድሞ ሴት ተማሪዎችን ያመላልስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ሲያጥረው ከነጋሪው ለእኔ ሸጠው።»

«ታዲያስ?»

«የልጆቹን ደጅ አልረሳማ! ካልተሳፈሩ ንቅንቅ አይልም።»

«አትገርፈውም?»

«ገረፍኩት፤ ዞር ብሎ አየኝና እዚያው ቆመ። የዚህ ቤት ልጅ አባት፣ ጋሪው ሲሸጥ፣ በእግሯ አትሄድም ብለው ከትምህርት ቤት አስቀርተዋት ነበር። ፈረሱ በየማለዳው ደጃቸው ሲገተር ምን ይበሉ? ፈቀዱ።»

ልጅቱ ሰሌዳዋን ይዛ እየሮጠች ወጣች።

«ነይ አስካለ፣ ጌታው ፈረስ ቆመው ይጠብቁሻል!» አላት ባለጋሪው።

አሮጊቷ ሳቁ። «ነይ ጭኔ ላይ። ስንት ደጅ ቀረን?»

«ሦስት፣ እሜቴ።»

«እንግዲህ ቅዳሴውን ከደጀ ሰላም እሰማለሁ። አንቺ፣ ጠጋ በይላቸው!»

ጠጋ አልኩ።

«የአንቺስ ደጅ የት ነው እህቴ?» አለኝ ባለጋሪው። «ለፈረሱ ላሳየው።»

ቤት እንደገባሁ እናቴን «እኔም ፊደል መቁጠር እፈልጋለሁ» አልኳት።