የመምህር ልሳኑ ፒያኖና የቀዘቀዘው ሾርባ

(አንድ አሮጌ ሆቴል፣ የምሳ ሰዓት፤ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ትርሲት ከምግብ አዳራሹ ጎን ባለችው ቢሮዋ የፒያኖ ተጫዋቹን የመምህር ልሳኑን የስንብት ደብዳቤ ልትፈርም ስትል፣ የአስተናጋጆች አለቃው ደምሰው ሾርባዋን ይዞላት ገብቷል።)

ደምሰው፦ ወይዘሮ ትርሲት፣ እባክዎ መጀመሪያ ሾርባዎን ይጠጡ። በባዶ ሆድ ፍርድ አይሰጥም።

ትርሲት፦ አያባብሉኝ ጋሽ ደምሰው። ፒያኖው ዛሬ ይወጣል፣ መምህር ልሳኑም ይሰናበታሉ። በቦታው ጥሩ ስፒከር አስገባለሁ፤ በቃ!

ደምሰው፦ ምን አጠፉ?

ትርሲት፦ የአስተያየት መስጫውን ደብተር ላንብብልዎ? «ሾርባው ቀዝቃዛ ነው።» «ሾርባው በረዶ ነው።» «ሾርባው…»

ደምሰው፦ ታዲያ ሾርባ የሚያቀርቡት መምህር ልሳኑ ናቸው?

ትርሲት፦ እሳቸው ሲጫወቱ ብቻ ነዋ የሚቀዘቅዘው!

ደምሰው፦ እንግዲህ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ልናዘዝ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያቺን ዝግ ያለችውን ዜማ ሲጀምሩ፣ ሳህን እንዳይንኳኳ ብለን ትሪያችንን ይዘን ወጥ ቤቱ በር ላይ እንቆማለን።

ትርሲት፦ ሁላችሁም?

ደምሰው፦ ወጥ ሠሪዋም ጭምር። ማማሰያዋን እንደያዘች።

ትርሲት፦ ጉድ ነው! እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ አይቻለሁ፤ አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበላቸውም።

ደምሰው፦ የሰዉ እጅ የት እንደነበር አላዩማ! አፉ ላይ ነው። የእኛ ሰው ሲደነቅ አፉን ይይዛል እንጂ መች ያጨበጭባል?

ትርሲት፦ እንዲህ ከሆኑ ታዲያ ስማቸውን የሚያውቅ ለምን ጠፋ?

ደምሰው፦ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ከውጭ አገር ቢመጡ ኖሮ ለትኬት እንጋፋ ነበር። እሳቸው አርባ ዓመት የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ካሴት አላወጡ፣ ቴሌቪዥን ላይ አልቀረቡ። ቤታቸው ደግሞ ፒያኖ የላቸውም። ይሄን ከወሰዱባቸው በምን ሊጫወቱ ነው? እውነቴን ነው፣ አንጀቴን ይበሉኛል።

ትርሲት፦ እኔ የማስተዳድረው ሆቴል ነው፣ ጋሼ።

ደምሰው፦ እሺ፣ ይፈርሙ። ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው ሰምተዋቸዋል?

ትርሲት፦ ሥራ ፈት አደረጉኝ እንዴ? …ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?

ደምሰው፦ ጀመሩ። በሩን ልዝጋው?

ትርሲት፦ ይተዉት… ለአፍታ።

ደምሰው፦ ግራ እጃቸውን ይስሙልኝ፤ ሽማግሌ ነው፣ ረጋ ብሎ ይመክራል። ቀኙ ደግሞ ያኮረፈ ልጅ፤ ጥሎት ይሄዳል…

ትርሲት፦ …ተመለሰ።

ደምሰው፦ ሁልጊዜም ይመለሳል። ወይዘሮ ትርሲት?

ትርሲት፦ ምነው?

ደምሰው፦ ሾርባዎ እየቀዘቀዘ ነው።

ትርሲት፦ ይቀዝቅዝ! ይልቅ ያንን ማንኪያ አያንኳኩብኝ።